አልጋችን ስር የተቀመጠችው ዶሮ

አስቴርዬ፣

ካረፍሽ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ልጃችን ጅማ ትማራለች፤ ቤቱ በአዲስ ቆርቆሮ ተከደነ፤ የቦንጋ ዝናብ ያው ነው። ልጽፍልሽ የተነሳሁት ግን ለዚህ አይደለም። ዶሮሽ አናዳኛለች።

ከዶሮዎችሽ የተረፈችው ገብስማዋ ብቻ ናት። ሌሎቹን ሽለምጥማጥ ጨረሳቸው። አውራ ዶሮ ከጎረቤት አይጠፋም፤ ግን ሳታረጅ ጫጩት ካላወጣች ካንቺ ዶሮዎች ዘር አይቀርም።

መኝታ ቤት ውስጥ ዶሮ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀንበታል። አንቺ እንቁላል የምትጥልበትን ቅርጫት በምትተኚበት በኩል አልጋው ስር ታስገቢያለሽ፤ እኔ አወጣዋለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያው አገኘዋለሁ። እንግዳ በተቀመጠበት እያስካካች ከመኝታ ቤት ስትወጣ አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔ አፍራለሁ።

ስለዚህ ጓሮ፣ ከእንሰቱ አጠገብ፣ የሳንቃ ቤት ሠራሁላት። ቆጥ አለው፤ ጭድ አለው። ታድርበታለች እንጂ አንድም ቀን አልጣለችበትም። የግብርና ባለሙያው አይቶ፣ ብርሃን በዝቶበታል፣ ዶሮ ስትጥል ጨለማና ጭር ያለ ቦታ ትፈልጋለች አለኝ። ጆንያ ጋረድኩበት። ቆለፍኩባት። እንቁላሏን ይዛ ዋለችና በሩን ስከፍት አጥር ዘልላ ሄደች።

የሄደችው ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ቤት ነው። አልጋቸው ስር ጣለች። እንቁላሉን ይዘውልኝ መጡና፣ ጋሼ፣ ዶሮዎ ቤት ለቃለች፣ ምን ቢያደርጓት ነው ብለው ሳቁብኝ። ቀጥለው ግን ሳይስቁ፣ እኔ ጋ ለምዳለች፣ እዚያው ትቅር፣ እኔው አስታቅፋታለሁ አሉ።

እምቢ አልኩ። የአስቴር ናት አልኳቸው። የአስቴር ከሆነች የአስቴርን ቦታ ይስጧት እንጂ ብለውኝ ወጡ።

እየተነጫነጭኩ ቅርጫቱን ፈልጌ፣ ጭድ ሞልቼ፣ ባንቺ በኩል አስገባሁት። በማግስቱ ጣለች። እንቁላሉ ሲበረክት ታቀፈች። አሁን ጫማዬን ላወጣ እጄን ስሰድ ትነቁረኛለች። ክፍሉ ይሸታል። የዶሮ ቅማል ሰውነቴን ሲበላኝ ያድራል። እትዬ ዘነበች በአጥር በኩል፣ እንዴት ናት አራሷ ይሉኛል።

ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ዶሮ መኝታ ቤት ውስጥ አልወድም። ግን እሷ ካንቺ በኩል አልነሳም ስላለች፣ እኔ ፍራሽ ይዤ ሳሎን መተኛት ጀምሬያለሁ። አልረሳሽም አስቴርዬ። ልርሳሽ ብልስ በየት በኩል?

ባልሽ