ቤት ለቤት ስንዘምር

ከኮታያም፣ ኬረላ፣ ህንድ

ለምወድሽ ልጄ ለሺጂ፣

ኩዌት እንዴት ይዞሻል? ልጆቹስ በረቱ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለሁ። እናትሽ አሌያማ ካረፈች የመጀመሪያው ገና ነው። "አባዬ፣ ቤት ዘግተህ እንዳትቀመጥ፣ ከሰው ተጫወት፣ በእግርህ ሂድ" ያልሽኝን እየፈጸምኩ ነው። ጠዋት ጠዋት እስከ ወንዙ እሄዳለሁ፤ ሰሞኑን ግን ጎረቤታችን ታንካማ "ብቻዎን አይሂዱ" ብላ አብራኝ ትመጣለች። የገናን ጾም ይዣለሁ፤ ያው እንደ ልማዳችን ሥጋም ዓሣም የለም። ማክሰኞ ዓሣ ጠብሼ ስበላ ደርሳ "ጋሼ፣ ጾሙን ከዓሣው ጋር ጠበሱት እንዴ?" አለችኝ። ሆን ብዬ እንዳልሆነ ፈጣሪ ያውቃል።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪዎች ጋር ቤት ለቤት ዞርኩ፤ ከበሮውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። እኛ ቤት በር ስንደርስ አንኳኳሁና "አሌያማ፣ ክፈቺ እንጂ፣ ዘማሪዎች መጡ!" አልኩ። ታንካማ "ቁልፉ ያለው እርስዎ ኪስ ውስጥ አይደል፣ ጋሼ?" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እሷ ግን ወዲያው ፊቷን አዞረች።

ልጄ፣ ፎቶ ስትልኪ ከጀርባው ስምሽንና የልጆቹን ስም ጻፊበት፣ አደራ።

የእናትሽ አምላክ ከክፉ ይሰውራችሁ፤ ዓይናችሁን ለማየት ያብቃኝ።

አባትሽ ኩርያን