እውነትሽን ነው፣ እትዬ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ይበላልሻል? ይህን ሁሉ በስልክ ዘወትር እጠይቅሻለሁ፤ ጠይቄም መልሱን ሳልጠብቅ ወደ ሥራዬ እዞራለሁ። ዛሬ የምጠይቅሽ ግን መልሱን ፈልጌ ነው። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ናት፣ ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ትልቋ የፊት ጥርሷን ለውጣ አሁን ሳቅ ሳቅ ይላታል። የቁልፍና የምስማር ሱቄም እንደምታውቂው ነው።

በወረቀት መጻፌ እንደሚገርምሽ አውቃለሁ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አላነሳሽም። በኋላ «ደህና ነኝ፣ ሥራህን ሥራ» የሚል መልእክት ላክሽልኝ። አንቺ እንዲህ በአጭሩ የምትቆርጪ ሰው አልነበርሽም። ስለዚህ ዕቃ በሚያመጣልኝ በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ይህን ሰደድኩልሽ። በእጅሽ ካልሆነ ለማንም እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ከጎኔ ያለውን ልብስ ሰፊ ታስታውሺዋለሽ፤ ባለፈው እኛ ዘንድ ስትመጪ ቀሚስሽን ያሳጠረልሽ፣ ምላሱ ከመቀሱ የሚፈጥነው። እሱ ነው ስልኬን ተቀብሎ አንድ ግሩፕ ውስጥ ያስገባኝ። የግሩፑ ስም «እንዲያው ሳስበው» ይባላል። ሰዎቹ አይተዋወቁም፤ ማንም በስሙ አይጽፍም። ፖለቲካ የለ፣ ምክር የለ። ሰው በቀኑ መሀል ድንገት ውል ያለበትን ተራ ሐሳብ ይጽፋል፣ ሌላው ይስቃል ወይም ይጨምርበታል። አንድ ባለታክሲ፣ «እንዲያው ሳስበው፣ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ለምንድነው በእግሩ ፍሬን የሚይዘው?» ይላል። አንዲት ነርስ፣ «እንዲያው ሳስበው፣ የጠፋ መነጽር ለመፈለግ መነጽር ያስፈልጋል» ትላለች። የሁሉንም ፊደል የሚያርም አንድ አስተማሪም አለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ የገባሁት ለገበያ ነበር። ይህን ያህል ሰው ባለበት ቁልፍ የሚበላሽበት አይጠፋም ብዬ። ስሜንም ከምሸጠው ተንጠልጣይ ቁልፍ ወስጄ «ጓጉንቸር» አልኩት። ማታ ማታ የቀን ውሎዬን በሁለት በሦስት መስመር የመጻፍ ልማዴን ታውቂያለሽ፤ ከዚያው እየመዘዝኩ እጽፍላቸው ጀመር። ስለ ማጠፊያና ስለ ምስማር ስጽፍ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። «ደንበኛ ሲያዋጣው ያጉረመርማል፣ ሲከስር ያመሰግናል» ብዬ ብጽፍ ሁለት ሰው ሳቀ፤ አንዱ ልብስ ሰፊው ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ይህን ጻፍኩ። እንደጻፍኩት አድርጌ እነግርሻለሁ፣ ላሳምረው አልፈልግም።

«እንዲያው ሳስበው፣ ታላቅ እህቴ ስትደውል ስልኩን ባንኮኒ ላይ አስቀምጬ ገበያዬን እሸጣለሁ። በየመሀሉ ብድግ አድርጌ 'እውነትሽን ነው' እላታለሁ። ይኸው ስንት ዘመን፣ አንድም ቀን አልነቃችም።»

ግሩፑ በሳቅ ተናጋ። ሰው ሁሉ የራሱን አመጣ፤ አንዱ አማቱን፣ አንዱ አለቃውን። «እውነትሽን ነው» የግሩፑ መፈክር ሆነ። ሴቱም ወንዱም፣ ስለ ዝናቡም ስለ መብራቱም፣ «እውነትሽን ነው» ይባባል ጀመር። ልብስ ሰፊው ጠዋት ሱቁን ሲከፍት በግድግዳው በኩል፣ «ጓጉንቸሬ፣ እውነትሽን ነው!» ይለኛል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር እትዬ። ሰው የእኔን ቃል ሲቀባበል ማየት እንዲህ ደስ እንደሚለኝ አላውቅም ነበር።

በዚያ ሳቅ መሀል «ክር» የምትባል አንዲት አባል እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ምናልባት የምትደውልልህ ስለማትሰማት ይሆናል። የሚሰማ ሰው ይደነግጣል።» እኔ የሳቅ ምልክት አደረግሁበትና አለፍኩ።

ክር ብዙ አትጽፍም። ስትጽፍም ድምፅ አታሰማም፣ ጥግ ይዛ እንደምታወራ ሰው ናት። «እንዲያው ሳስበው፣ ሰው ከሐኪም ቤት ሲመለስ ለምን ቤት ማጽዳት ያምረዋል?» ትላለች። ሌላ ጊዜ፣ «እንዲያው ሳስበው፣ የምርመራ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ከጎኑ ካለው ይልቅ ጤነኛ ለመምሰል ይሞክራል» ብላ ጻፈች። ሰው እየሳቀ ይቀበላት ነበር። አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ አለች፦ «እንዲያው ሳስበው፣ ዛሬ የጥርስ ሳሙና ልገዛ ሄጄ እጄ ትንሹን አነሳ። ሁልጊዜ ትልቁን ነበር የምገዛው። መደርደሪያው ፊት ቆሜ ቀረሁ።»

ነጋዴ አይደለሁም? ዘልዬ ገባሁ። «ትልቁን ውሰጂ እንጂ፤ ትንሹ አያዋጣም፣ ካርቶኑን ነው የሚሸጡልሽ» አልኳት። ሰው አጨበጨበልኝ። እሷም «እውነትህን ነው» ብላ መለሰችልኝ። ሁሉም ይህንኑ ስለሚል ምንም አልመሰለኝም። እንዲያውም ቀልዴን ተማረችው ብዬ ኮራሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ የበር ቁልፍ እያማረጠ ሳለ ስልኬን ከፈት አደረግሁ። ክር ጽፋለች፦ «እንዲያው ሳስበው፣ አንዱን ቁልቁፍ ለጎረቤት ብሰጥ ይሻላል። ብቻውን የሚኖር ሰው በሩ ከውጭም የሚከፈት ቢሆን ጥሩ ነው።» አስተማሪው ወዲያው፣ «'ቁልፍ' ለማለት ነው እህቴ፤ አንድ ቁ ተርፎሻል» አላት። እሷም፣ «አልተረፈኝም። በእኛ ቤት ቁልቁፍ ነው የሚባለው» አለችው።

እትዬ፣ እኔ እስከማውቀው «ቁልቁፍ» የሚባልበት ቤት አንድ ብቻ ነው። አፌን ስፈታ ቁልፍ ማለት አቅቶኝ ቁልቁፍ ያልኩት እኔ ነኝ። አባባ ስቆ ያጸናው፣ እማማ «ቁልቁፉን አቀብሉኝ» እያለች የኖረችው፣ አንቺ እኔን አዝለሽ ለመንደሩ ሁሉ ያወራሽው ቃል ነው። ሱቅ ስከፍትም፣ «በመጨረሻ የቁልቁፍ ነጋዴ ሆነህ አረፍከው» ብለሽ እንባሽ እስኪመጣ ሳቅሽ። ለዚያ ደንበኛ በግራ የሚከፈተውን በቀኝ ነው ብዬ ሸጬ ሸኘሁት። በንግድ ዘመኔ እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርቼ አላውቅም።

ልብስ ሰፊውን፣ እህቴን አንተ ነህ ወይ እዚህ ያስገባሃት ብዬ ጠየቅሁት። አላስታወሰም። የማላስገባው ሰው አለ እንዴ አለኝ። ቀሚስሽን ለክቶ ሲያበቃ ስልክሽንም ተቀብሎሽ ኖሯል ማለት ነው። «ክር» የሚለውን ስምሽንም ከእሱው የስፌት ጠረጴዛ ላይ አንስተሽዋል።

ከዚያ ክር የጻፈችውን በሙሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩ። ሰው የሳቀበትን ሁሉ ሳልስቅ አነበብኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ጆሮ ላሳደገችኝም ባዳ ሆኖ ኖሯል።

ሳነብ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ስትደውዪ አንድ ደንበኛዬ አናጢ ሱቅ ውስጥ ነበር። ስልኩን አጠገቡ አስቀምጬ ምስማር ልመዝንለት ወደ ኋላ ገባሁ። ስመለስ፣ ሴትዮዋ ዝም ብላለች፣ መልስ እየጠበቀች ነው መሰለኝ አለኝ። እኔም ብድግ አድርጌ «እውነትሽን ነው እትዬ» አልኩሽ። አንቺም፣ እሺ በል፣ ሥራህን ሥራ ብለሽ ዘጋሽ።

ወደ አናጢው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የጠረጴዛ ፊት እየላገ ነበር፤ ለእኔ ብሎ አላቆመም። ያን ቀን ምን ስትል ሰማህ ብዬ ጠየቅሁት። የሰው ወሬ የመስማት ልማድ እንደሌለው፣ ጥፋቱም የእሱ ሳይሆን የሚጮኸው ስልኬ እንደሆነ ነገረኝ። ለመንኩት። መላጊያውን አስቀመጠ።

«'ቀን ሰጥተውኛል። ብቻዬን ልግባ ወይስ ትመጣልኛለህ?' ነው ያለችው» አለኝ። «አንተ እውነትሽን ነው አልካት። እኔማ የምትግባቡበት ቋንቋ መስሎኝ ምስማሬን ይዤ ወጣሁ።»

እኔ፣ ነገር ሲሞቅ የማልሞቅ፣ ገበያተኛ ፊቴን አንብቦ ዋጋ የማያስቀንሰኝ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ሰላም ያለኝ ሁሉ የሰማ እየመሰለኝ በጓሮ በኩል ዞሬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። ምን ያህል ሰው እንደሳቀ ብቻ ጠየቀችኝና፣ «የሳቅህባት በአደባባይ፣ ይቅርታው በጓዳ?» አለችኝ። አሰብኩበት። ጓጉንቸር ተነስቶ ክር እህቴ ናት ቢል፣ ያ ሁሉ ሰው ያዝንልሻል። ማንም ሳያዝንልሽ የምታወሪበት ቦታ ያለሽ እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ልወስድብሽ ነው። ስለዚህ ተውኩት። ምክንያቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ለእኔም እንደሚመቸኝ አልጠፋኝም። ትክክል የመሰለኝ ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ለእኔ የሚመች ሆኖ መገኘቱን ሳየው፣ እትዬ፣ ራሴን ለመመልከት አፈርኩ።

አንድ ነገር ግን እየከነከነኝ ነው። ያን ጽሑፌን ስታነቢ ጓጉንቸር እኔ እንደሆንኩ ማወቅሽ አይቀርም። ካወቅሽ በኋላም ደወልሽልኝ። ደጋግመሽ ደወልሽ። ስለ ደረጃው መብራት፣ ስለ ጎረቤትሽ ድመት፣ ስለ ውሃ ቆጣሪው ታወሪልኝ ነበር፤ ይህን ያህሉን ሰምቻለሁ። በድመቷና በቆጣሪው መሀል ምን እንዳልሽኝ ግን አላውቅም። እኔ ያላወቅሁትን ባንኮኒው ሰምቶታል። እንደገና ንገሪኝ ብዬ አላስጨንቅሽም። አልደነግጥም ብዬም አልዋሽሽም፤ እደነግጣለሁ። ደንግጬ እሰማሻለሁ።

ቀኑን ብቻ ንገሪኝ። ካለፈም ማለፉን ንገሪኝ። ሱቁን ልብስ ሰፊው ይጠብቅልኛል፤ ለምን እንደምሄድ አልነገርኩትም፣ እሱም ፊቴን አይቶ ቀልዱን ተወኝ። ብትነግሪኝም ባትነግሪኝም አውቶቡሱ ተመልሶ ወደ እናንተ ሲነሳ አብሬ እመጣለሁ። በር ባትከፍቺልኝ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። የሚበላ ነገር አታዘጋጂ፣ ቤትም አታጽጂ።

ይህን እየጻፍኩ መሀል መሀል ላይ ስልኬን አያለሁ። ክር ዝም ካለች ቀናት አለፉ። ግሩፑ ውስጥ «ክር የት ጠፋች?» እየተባለ ነው። ባለታክሲው ጠየቀ፣ ነርሷ ሁለቴ ጠየቀች፣ አስተማሪው እንኳ «ከፈለገች ፊደል ታትርፍ፣ ብቻ ትምጣ» ብሏል። ከእነሱ ጋር ተሰልፌ እኔም እጠብቃለሁ። የእናትሽ ልጅ ሆኜ፣ በጀርባሽ አድጌ፣ ዛሬ ስለ አንቺ ከእነዚህ ከማላውቃቸው ሰዎች የበለጠ የማውቀው ነገር የለኝም።

እግዜር ይማርሽ እትዬ። ያዘለኝ ጀርባሽ፣ ያጎረሰኝ እጅሽ አይዛልብሽ። እኔ እስክደርስ ድረስ ከጎንሽ ቁጭ የሚል፣ የምትዪውን ሁሉ የሚሰማሽ ደግ ሰው አያሳጣሽ።

ታናሽ ወንድምሽ