ዱቄት የማይወጣበት ወፍጮ

ይድረስ ለሚዜዬ፤

እንደምን ከርመሃል? ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሳብህ ጉልበትህ ዘንድሮ ተወህ? እናትህስ ዓይናቸውን ታከሙ ወይስ ዛሬም ነገ ወስዳቸዋለሁ እያልክ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰቆጣ ዝናቡ አልከፋም፤ አዲሱ ማር እስከ ጥቅምት ስለማይደርስ ከአምናው የተረፈኝን በትንሽ በትንሹ እየሸጥኩ ሱቄን አልዘጋሁም። ደህና መሆንህን የምጠይቅህ ለወግ ብቻ አይደለም። የምነግርህን ነገር ታመህ እንድትሰማው ስለማልፈልግ ነው።

ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስፈለጋት ትል ይሆናል። ድምፅህን ስሰማ ማመን ይቀናኛል። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም፤ «አንቺ ደግሞ» ብለህም አታስቀኝም። ስለዚህ ተቀመጥና እስከ መጨረሻው አንብበው።

የላክሃቸው ሽማግሌዎች ከፍልሰታ በፊት መጥተው ጠየቁኝ። ጾሙ ይፈታና መልሱን እነግራችኋለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። ሽማግሌ ይሁኑኝ ስትላቸው አያ ጌታሰው መጀመሪያ አንገራግረው ነበር አሉ። ሚዜ የሆነ ሰው ሙሽራይቱን እንዴት ያገባል፣ እህቱ አይደለችም ወይ ብለውህ፣ አንተ ጋብቻው ሲፈርስ ወንድምነቱም አብሮ ፈረሰ ብለህ አሳመንካቸው። ያን ጊዜ እኔም ነገሩ እንደዚያ መሰለኝ። እንደዚያ እንዲሆንም ፈልጌ ነበር።

የሠርጌን ቀን እስቲ አስታውሰው። አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና እጅህን ይዘው ይህችን ልጅ ምን ትላታለህ አሉህ። እህቴ ናት አልክ። ባሏ ቢበድላትስ ሲሉህ ከእሷ ጋር እቆማለሁ አልክ። እውነት ሳይበድላት የበደላት ቢመስላትስ ሲሉህ ደግሞ እመክራታለሁ፣ አስታርቃቸዋለሁ ብለህ በመስቀል ማልክ። ከዚያ በጀርባህ አዝለህ ከቤታችን አወጣኸኝ። እኔ እያለቀስኩ ትከሻህን ሳርስ፣ ኮቱን የተዋስኩት ነው፣ እባክሽ ዕንባሽን ወደ ውጭ አድርጊው አልከኝ። እያለቀስኩ ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ከባሌ ከይግዛው ጋር በተጋጨን ቁጥር የምሮጠው ወደ አንተ ነበር፤ አንተም አንድም ቀን አድልተህ አታውቅም ነበር።

ይግዛው ወደ እኛው ዝቋላ፣ ወደ ተከዜ ቆላ መውረድ የጀመረው ጦርነቱ አልፎ፣ ከብቱም ዘሩም አልቆ፣ ሁላችንም ከዜሮ የጀመርን ጊዜ ነው። ሥራ አገኘሁ አለኝ። ምን ሥራ ስለው ዝም። ሰንብቶ ሲመጣ ሱሪው እስከ ጭኑ ጭቃ ጠጥቶ ደርቋል፣ ልብሱ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፣ ጆሮውም ደንቁሯል። ከፊቱ ተቀምጬ ጨው አቀብይኝ ለማለት ጎረቤት እስኪሰማ ይጮህ ነበር። በማርያም ብዬ ብለምነው ፊቱን አዞረ፤ በእሷ ስም አትለምኚኝ አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ዝም ያለ ባል ምን እንደሚያሳስብ አንተ ወንድ ስለሆንክ አታውቀውም።

ማር ልግዛ ብዬ ተከትዬው የወረድኩትን ቀን ታስታውሰዋለህ። ገደሉ አፋፍ ላይ ስደርስ ከታች የሞተር ጩኸት ሰማሁ። ይጮሃል፣ ድንገት ይቆማል፣ ደግሞ ይነሳል። ልወርድ ስል ዱላ የያዘ ሰው ከዚህ በታች ክልክል ነው ብሎ መለሰኝ። ከላይ ካለችው መንደር አንተን አገኘሁህ፤ ያኔ የመስኖ ጥናት ላይ ተቀጠርኩ ብለኸን ነበር። ጥላ ሥር አስቀምጠህ ውሃ ሰጠኸኝ። ያ ጩኸት የምንድን ነው ስልህ ወፍጮ ነው አልክ። በዚያ ብታቆም ምን ነበረበት። ሳልጠይቅህ ባለቤቷ ሴት ናት፣ ባሏ የሞተባት ናት ብለህ ጨመርክ። ከዚያ መናገር እንደ ከበደው ሰው መሬት መሬቱን አየህ።

እኔም አመንኩህ። ከዚያ ገደል ዱቄት ተሸክሞ የወጣ ሰው አላየሁም፤ እህል ጭኖ የሚወርድ አህያም አልነበረም። ወፍጮ ባለበት ሁሉ ሴቶች ተራ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ። እዚያ ዝንብ እንኳን አልነበረም። ይህን ሁሉ ልብ ያላልኩት ሞኝ ስለሆንኩ አይደለም። የነገርከኝ አንተ ስለሆንክ ነው።

በሽማግሌ ፊት ስንፋታ ከእኔ ወገን ተቀመጥክ። ይግዛውን በድለሃታል ወይ ቢሉት አልበደልኳትም አለ። እንግዲያ የት እየሄድክ ነው የምትሰነብተው ሲሉት አፉን ከፍቶ ወደ አንተ አየ፤ ከዚያ መልሶ ዘጋው። እኔ ያፈረ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ይለምንህ ነበር። አንተ ጋቢህን አስተካክለህ ወደ በሩ አየህ።

በጾሙ መጀመሪያ ደብሬ የምትባል የዝቋላ ሴት ለሳል መድኃኒት ማር ልትገዛ ሱቄ ገባች። ከዚያ በፊት ተያይተን አናውቅም። ማሩን እየመዘንኩ ሳለ ጎረቤቴ ከደጅ ጥሩሐረግ ብላ ስትጠራኝ ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝና የይግዛው ጆንያ አንቺ ነሽ እንዴ ብላ ሳቀች። የሰደበችኝ መስሎኝ ሚዛኑን አስቀመጥኩ። እሷ ግን አፏን ይዛ፣ እንግዲህ ከግዝቱ ተፈትተናል፣ ብናገር ኃጢአት የለብኝም አለችና ተቀመጠች።

ከገደሉ ሥር ለሚሠሩት ሰዎች ምግብ ታበስል የነበረችው እሷ ናት። እዚያ ምንም ወፍጮ እንዳልነበረ ነገረችኝ። ግድቡ ያቆመው የተከዜ ውሃ ገደል ለገደል ገብቶ ከሚተኛበት ቦታ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ድርጅት የጀልባ ሞተር ይፈትን ነበር። ስማቸው የተፋቀ ሞተሮች ሌሊት በሸራ ተጠቅልለው ይመጣሉ። መጀመሪያ ውሃ የሞላ የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ እየታሰሩ ሲጮሁ ይውላሉ፤ የተረፉት ከጀልባ ኋላ ታስረው ውሃ ላይ ይወጣሉ። ጀልባው ሰው የጫነ ያህል እንዲከብድ አሸዋ የሞሉ ጆንያዎች በወንበሮቹ ላይ ይደረደራሉ። ነጂው ይግዛው ነበር። አንዷን ጆንያ በስሜ ጠርቷት ከፊቱ ያስቀምጣት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ያወራታል፤ ሞተሩ ለምን እንደ ቆመ፣ ደለሉ የት ጋ እንደ ወፈረ፣ ምሳ ምን እንደ በላ ሁሉ ይነግራታል። ሰዎቹ ሲስቁበት፣ ግዝቱ ለሰው አትናገሩ ይላል እንጂ ለጆንያ አይልም ብሎ መለሰላቸው። ደብሬ ይህን እያለችኝ ትስቃለች።

ግዝቱ የአንተ ሐሳብ ነበር። ድርጅቱ አስፈርሟቸው ነበር፤ የመስኖ ጥናት ላይ ነኝ ያልከን አንተ ግን አለቃቸው ነበርክ፤ ይህ አገር ፊርማ አይፈራም ብለህ የደብራችንን አባ ከነመስቀላቸው ይዘህ ወረድክ። ለሚስትም ለእናትም ለማንም የተናገረ ውጉዝ ይሁን ተብሎ ሁሉም መስቀል ተሳለመ። ቦታው ሲዘጋ ደግሞ አባ ውሃው ዳር ሰብስበው ፈቷቸው። የቀረ ሰው አለ ወይ ብለው ሲጠይቁ ማንም የለም አልክ። ደብሬ ከፍቺያችን በኋላ ሥራውን ትቶ የሄደውን ይግዛውን አስታውሳ ነበር፤ ግን አንተ ጓደኛው ስለሆንክ ራስህ ትነግረዋለህ ብላ ዝም አለች።

ለይግዛው ደወልኩለት። ባሕር ዳር ጣና ላይ የጀልባ ሞተር እየጠገነ ነው የሚኖረው። ተፈትታችኋል እኮ ስለው ከአባ አፍ ካልሰማሁ አልናገርም አለኝ። ስልኩን ይዤ አባ ዘንድ ሄድኩና ይፍቱት ብዬ አቀበልኳቸው። አባ ስልኩን በሁለት ጣታቸው ይዘው አገላብጠው አዩትና መስቀል በስልክ አይሳለሙም፣ ልጁ ይምጣ አሉኝ። መጣ። ከተፋታን ወዲህ ያን ቀን ነው ያየሁት። ጠጉሩ ሸብቷል። መስቀሉን ተሳለመና ተፈታ።

ከዚያ ይዞኝ ወረደ። አሁን የሚከለክል ሰው የለም። ገንዳው አለ፤ የዝናብ ውሃ አቁሮ ፍየሎች ይጠጡበታል። ሞተር ያስሩበት የነበረው ብረት ዝጓል። ይግዛው በዚያ ቀን ያወራኝን ያህል በትዳራችን ዘመን ሁሉ አላወራኝም። አማርኛው ሲያጥረው በኽምጣና እየቀጠለ፣ እዚህ ጋ ሞተሩ እጄን አቃጠለኝ፣ እዚያ ጋ ጀልባው ሊገለበጥ ሲል ጆንያዎቹን ወረወርን፣ አንቺን ግን አልወረወርኩም አለኝ። ይህ ሁሉ ለምን ይደበቃል ስለው፣ ሞተሮቹ ደለልና ሙቀት እንዲችሉ አዲስ የተሠሩ ስለነበሩ ሌላ ድርጅት እንዳይሰርቃቸው ነው አለኝ። እስቲ አንተው ፍረድ። እኔ የስፌት መኪና ክር ሲበጠስብኝ ሰው የምጠራ ሴት፣ የማንን ሞተር ልሰርቅ ነበር?

ለእሷ ብቻ እንድነግራት ግዝቱ ይፈታልኝ ብሎ ለምኖህ ነበር። ትዳሬ እየፈረሰ ነው ብሎ እግርህ ላይ ወድቋል። አባ ለሱባኤ ሄደዋል፣ ሲመለሱ እጠይቅልሃለሁ አልከው። አባን ጠየቅኋቸው። በዚያ ዘመን ከደጃቸው ርቀው አያውቁም፤ ማንም ስለ ማንም አልጠየቃቸውም። አንድ ቃል ብትነግራቸው ኖሮ እዚያው ይፈቱት እንደነበር ነግረውኝ አለቀሱ። ሽማግሌ አስለቅሰሃል።

ማታ ራት ሳቀርብለት ይግዛው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ሴት ልጅ አለችው፤ ጥርሷ ገና እየበቀለ ነው። እናቷም ደህና ሴት ናት አለኝ፤ አመንኩት። በማግስቱ መኪና ላይ አሳፈርኩት። ሁለታችንም አላለቀስንም፤ የሚለቀስበት ጊዜ አልፏል።

ልንገርህ፤ ተቃጥያለሁ። በሌለች ሴት ቀንቼ ስንት ሌሊት አድሬአለሁ። ገበያ ላይ ዱቄት ነጭ ያደረጋት ሴት ባየሁ ቁጥር እሷ ትሆን እያልኩ ከእግር እስከ ራሷ አይ ነበር። የዋህ ባሌን በሰው ፊት አዋርጄዋለሁ። ይህን ያደረገብኝ ጠላት ቢሆን ረግሜው እተኛ ነበር። አንተ ግን በመከራዬ ጊዜ ማገዶ ያመጣህልኝ፣ የሱቄን በር የገጠምክልኝ፣ ስስቅ ደስ የሚልህ ሰው ነህ። ያ ደግነት ሁሉ እውነት ነበር ወይስ ሒሳብ እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። ከሁሉ የሚያመኝ እሱ ነው። ለጾሙ ፍቺ ያሰፋሁትን ጥልፍ ቀሚስ ለደብሬ ሰጠኋት። እሷ አንድ ቀን እንኳን ሳትለብሺው ስትለኝ ጠበበኝ አልኳት። ልብስ ሰፊው ልኬን በደንብ ያውቃል።

ሽማግሌዎችህ ትናንት ተመለሱ። ስለ ገደሉም ስለ ግዝቱም ትንፍሽ አላልኩም። ስምህን በአገር ፊት ማጉደፍ ብፈልግ ቀላል ነበር፤ አልፈለግሁም። አያ ጌታሰው መልሴን ሲጠብቁ፣ እሱ እኮ ወንድሜ ነው፣ በአባቴ ፊት ምሏል አልኳቸው። አያ ጌታሰው ዱላቸውን አንስተው እኛም መጀመሪያ ይህንኑ ብለን ነበር አሉና ወጡ።

ወንድምነቱን አላፈርስልህም። በጎደለ ነገር ሁሉ እጠራሃለሁ፣ ትመጣለህ። አባቴ የሉምና አንድ ቀን የሚሆነኝ ሰው ቢጠይቀኝ ሽማግሌ የሚላከው ወደ አንተ ነው። ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደሚወለድ ታጣራለህ፣ መርቀህም ትድረኛለህ። ያን ቀን መሬት መሬቱን እንዳታይ።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ። የምትወልዳቸውን ልጆች ቃላቸው የማይታጠፍ ያድርጋቸው። አንተም ስታገባ ጥራኝ፤ ከወገንህ መካከል ቆሜ እልል እልልሃለሁ።

እህትህ