የሐጃ አልጋ ልክ

ዓርብ፣ ሚያዝያ 6

ጾሙ ሃያ ሦስት ገባ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። መኪናዋን አጠብኩ፣ እንደ ሁልጊዜው። ነጭ ላንድክሩዘር፣ ማንም የማይነዳት… አሠሪዬ ኡስታዝ ተውፊቅ ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ዑምራ ከሄዱ ሦስት ቀን ሆነ። "በየቀኑ አቧራዋን ጥረጊ" አሉኝ ሲወጡ። እናታቸውን ደህና አድርጌ እንድይዝ ያዘዙኝ ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ መኪናዋ! ታዘብኳቸው።

እናታቸው ሐጃ ኒዕማ ዳሌያቸው ከተሰበረ ዓመት ሊሞላ ነው። መቀመጥ አይችሉም። ዐንገሬባቸው ላይ፣ በገመድ በተጠለፈችው አልጋ፣ በጀርባቸው ተኝተው ቤቱን ሁሉ ያዛሉ። "ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ! ጨው አብዝተሻል።" ሳይቀምሱ! አፍንጫቸው ነው የሚነግራቸው።

ዐስር ላይ ደጁን ውሃ ረጨሁ። እዚህ ጀብራ ሰፈር ደጅ ሳይረጩ ማምሸት ነውር ነው። አቧራው ይተኛል፣ ምንጣፍ ይዘረጋል፣ አላፊ አግዳሚው ተቀምጦ ያፈጥራል። ስድስት ዓመት ረጨሁ። አሁን እጄ ራሱ ያውቀዋል።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 7

ጦርነት።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም። መስኮቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሐጃ "በር እየተንኳኳ ነው፣ ክፈቺ" አሉኝ። በር! ምን ልበላቸው?

ኡስታዝ ከመካ ደወሉ። አውሮፕላን የለም። "አንድ ሁለት ቀን ነው፣ ኢንሻአላህ።"

እሑድ፣ ሚያዝያ 8

የክርስቲያኖቹ ፋሲካ። ጋሽ ዘርይሁን በግንብ ዘሎ መጣ። ጎረቤታችን ነው፣ የጎንደር ሰው፣ ደርግ ሲወድቅ ተሰዶ መጥቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት እዚህ ሞተር ሲፈታ የኖረ። የሰው መኪና ሲሠራ ኖሮ የራሱ መኪና የለውም።

"እንኳን አደረሰህ ጋሼ" አልኩት።

"ተይኝ እስቲ፣ ዶሮዋ ከነነፍሷ ቆማለች። ይልቅ መኪናዋን አሳዪኝ።"

ቦኔት ውስጥ ገብቶ ቆየና ፊቱ በርቶ ወጣ። "ሉጥፊያ፣ ይቺ በረሃ ትሰነጥቃለች! የኋላ ወንበሯን አጥፈን፣ ሐጃን ከነአልጋቸው አስገብተን፣ ወድ መደኒ።" የሐጃ እህት እዚያ ናቸው።

አልጋውን ልኪ አለኝ። ከራስጌ እስከ ግርጌ በሲባጎ ለካሁ፣ ጫፉ ላይ ቋጠርኩ። መኪናዋ ውስጥ ዘረጋነው… ልክክ! አንድ ጣት አይተርፍም። ጋሼን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ናፍጣ ግን የለም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 10

መብራት የለም። ውሃ የለም። ጋሽ ዘርይሁን ናፍጣ ፍለጋ ወጥቶ ባዶ ጀሪካን ይዞ ተመለሰ። ወደ ሱቅ ዐረቢ ገበያ መንገዱ ተዘግቷል፣ ወደ ኦምዱርማን ድልድዩ አያልፍም። መቀመጥ አቃተኝ። ቆሜ ጠረግሁ፣ የተጠረገውን ደግሜ ጠረግሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 13

ዒድ። ከጎረቤት አንድ ሰው "ዒድ ሙባረክ" አላለንም። ሐጃ አዲሱን ቶባቸውን፣ ረጅሙን መጠቅለያ ልብስ፣ አልብሺኝ ብለው አለበስኳቸው። ማን ሊያይዎት ነው ብላቸው፣ "አንቺ ሰው አይደለሽም?" አሉኝ።

ጋሽ ዘርይሁን ከተበላሸ ጀነሬተር ሃያ ሊትር ናፍጣ ቀዳ! ነገ እንውጣ አለ። ሐጃ አሻፈረኝ አሉ። "ተውፊቅ ሳይፈቅድ መኪናው አይነካም።" ኔትወርክ የለም እኮ ሐጃ! "ይመጣል።"

እንዲህ ነው እንግዲህ። ተኩስ በራሳችን ላይ ያፏጫል፣ እኛ ፈቃድ እንጠብቃለን።

እሑድ፣ ሚያዝያ 15

ኡስታዝ ተገኙ! "ምን ትጠብቃላችሁ? ውሰዱ፣ ውጡ!" ሐጃ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘው አለቀሱ።

ደግሞ ውሃ መጣ! ቧንቧው አስነጠሰ፣ አስነጠሰና ለቀቀው። ባልዲ፣ ድስት፣ የሕፃናቱን መታጠቢያ ሳይቀር ሞላሁ። ሐጃን አጠብኳቸው። ነገ ማለዳ እንወጣለን። ደስ ብሎኛል፣ ከሳምንት በኋላ ዛሬ ደስ ብሎኛል።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 16

ወሰዷት።

እኔ ነኝ። እኔው በእጄ።

ትናንት ዐስር ላይ የተረፈውን ውሃ ይዤ ወጣሁና ደጁን ረጨሁ። ሳላስበው። አላሰብኩትም ወላሂ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ በሩ ተደበደበ። የታጠቁ ናቸው፣ አራት። የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልጠየቅሁም። አንዱ ሲናገር በበሩ ስንጥቅ ሰማሁት። "ደጁ እርጥብ ነው፣ ሰው አለ።" የሰፈሩ ደጅ ሁሉ ደረቅ፣ የእኛ ብቻ እርጥብ…

ቤቱን በረበሩ። ሐጃ ከአልጋቸው ሆነው፣ "ጫማህን አውልቀህ ግባ! ምንጣፉ ይሰገድበታል!" ብለው አንዱ ላይ ጮሁበት። ወደ ኋላ ተመልሶ አወለቀ። ጫማውን አወለቀና መኪናዋን ወሰደ! ከነናፍጣዋ።

ጋሽ ዘርይሁን መጥቶ ባዶውን ጋራዥ አይቶ ተመለሰ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለሐጃ አልነገርኩም። እንዴት ብዬ?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 18

ሲባጎውን በኪሴ ይዤ እዞራለሁ። እንደ እብድ የቆመ ነገር ሁሉ እለካለሁ።

ረክሻ… ባለ ሦስት እግሯ። አልጋው አንድ ክንድ ይተርፋል፣ እግራቸው መንገድ ላይ ሊንጠለጠል ነው። አምጃድ የሚሏት ትንሽ ቫን፣ የማዶው ጎረቤት። ወንበሯ ቢነቀል ትችላለች፣ የኋላ በሯ ግን አይዘጋም። ደግሞ ቤንዚን የለም። ቦክሲ፣ ከኋላ ክፍት የሆነው፣ እሱ በጣም ጥሩ ነበር። ባለቤቱን ለምኜ እሺ አሰኘሁት። እኔ ቤት ሳልደርስ ቦክሲውን ወሰዱበት።

ጋሽ ዘርይሁን አሁን ገባው መሰለኝ። "ጠንካራዋን ስንፈልግ… ጠንካራዋን እነሱም ይፈልጓታል" አለ። "እንግዲህ ማንም የማይፈልጋትን ፈልጊ።"

የት አባቴ ላግኛት?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 20

ከውሰር ደወለች። የአገሬ ልጅ፣ የባቲ፣ ሦስተኛው መንገድ ላይ ሰው ቤት ትሠራለች። አብረን ነው የመጣነው። "ሓፍላ ተገኝቷል፣ አውቶቡሱ ለገዳሪፍ ነው፣ ከዚያ አገራችን። ላንቺም ወንበር ይዣለሁ። ያላ፣ ነይ!"

"ሐጃስ?"

"እናትሽ ናቸው እንዴ? ልጃቸው መካ ተቀምጦ አንቺ ልትሞቺላቸው ነው?"

እውነቷን ነው። ምን ይዋሻል፣ እውነቷን ነው። ሻንጣዬን አወጣሁ። ልብሴን ከተትኩ። ዚፑን ስዘጋ ሐጃ ከዚያ ክፍል፣ "ያ ቢት" አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

"አቤት።"

"ስትሄጂ ውሃውን እጄ የሚደርስበት አስቀምጪልኝ።"

አልተቆጡም። አልለመኑም። ጨው አብዝተሻል ቢሉኝ ኖሮ ሄጄ ነበር።

ከውሰር ሄደች። እኔ ሻንጣውን ፈታሁ። እየረገምኩ ነው የፈታሁት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 22

አገኘሁ! ዓይኔ ስር ነበረች!

ዓም ዛኪር፣ ውሃ ሻጩ ሽማግሌ። ጦርነቱ ከገባ ጀምሮ በርሜል በአህያ ጋሪ እየጎተቱ በየቀኑ ይመጣሉ። ዛሬ ውሃ ሲቀዱልኝ ድንገት፣ "ኬላዎቹ አያስቆሙዎትም?" አልኳቸው። ሳቁ። "አምስት ኬላ አልፋለሁ። ልጄ፣ ማን አህያ ይፈልጋል?"

ሲባጎውን አወጣሁ። በርሜሉ ከወረደ አልጋው ይገባል፣ አንድ ስንዝር ይተርፋል! ነዳጅ አይጠጣም። ማንም አይቀማውም። ከተማው ዳር፣ ሶባ ድረስ አደርሳችኋለሁ አሉ፤ ከዚያ ወደ መደኒ የሚመለስ ሎሪ አይጠፋም።

ጋሽ ዘርይሁን ሲሰማ ራሱን ያዘ። "ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞተር ፈትቼ አህያ ልከተል?" ግን ሄዶ የጋሪውን ጎማ አየ። ግራሶ ቀባው። አልቻለም፣ ልማዱ ነው።

ሐጃ ግን… "ጋሪ? እኔ? በውሃ ጋሪ? ጀብራ ሁሉ እያየኝ?"

ጀብራ የት አለ ሐጃ? ጀብራ ሄዷል እኮ!

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 24

ዛሬ ቦምብ ከጓሮ ወደቀ። የማድቤቱ ግድግዳ የለም። እኔ ሐጃ ክፍል ስለነበርኩ ነው የተረፍኩት። ፊታቸው በአቧራ ነጭ ሆኗል። ስጠርግላቸው አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩት። "መኪናዋን ያስወሰድኩት እኔ ነኝ። ደጁን ረጭቼ ነው። ሰው መኖሩን አውቀው ገቡ። አሁን ደግሞ እርስዎ ጋሪ አልወጣም ብለው ከሞቱ፣ እኔ ነኝ የገደልኩዎት። አልችልም ሐጃ። ይሄን ተሸክሜ አገሬ አልገባም።" ጮኽኩባቸው። በስድስት ዓመት አንድ ቀን ጮኼባቸው አላውቅም።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምኑን?"

"ስትረጪ። የረጠበው አፈር ሽታ በመስኮት ገባ። ተይ ማለት ነበረብኝ። ግን ደስ አለኝ… ትንሽ ላሽትተው ብዬ ዝም አልኩ።"

ፊታቸውን መጥረግ ቀጠልኩ።

"ጋሪውን ጥሪ" አሉ። "ጥቁሩን ቶብ አልብሺኝ። ነጩ ይቆሽሻል።"

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 26፣ ወድ መደኒ

ደርሰናል። አልሐምዱሊላህ! እግሬ አብጧል፣ ግን ደርሰናል።

ትናንት ጎህ ሲቀድ ወጣን። ዓም ዛኪር ከፊት፣ እኔ ጃንጥላ ይዤ ከጎን፣ ጋሽ ዘርይሁን ከኋላ መፍቻውን በከረጢት ተሸክሞ። ለአህያ መፍቻ ምን ያደርጋል? ኬላዎቹ ላይ አንዱ እንኳ አልፈተሸንም። "ማን? ሐጃ? ሂዱ፣ ሂዱ።" አንድ ቦታ ላይ ሐጃ ወታደሩን፣ "እናትህ የት ናት?" ብለው ጠየቁት። አንገቱን ደፋ። መልሱን አልጠበቅንም።

አንዲት ነጭ ላንድክሩዘር መሣሪያ ተጭኖባት እየበረረች አለፈችን። የኛ ትሁን አትሁን… ጭቃ ለብሳለች። አንድ ሰው አላጠባትም። መናደዴ ይገርመኛል።

ሶባ ላይ ሽንኩርት አራግፎ የሚመለስ ሎሪ አገኘን። ሲባጎውን ዘረጋሁ፣ ሾፌሩ ሳቀብኝ፣ ገባ። ዓም ዛኪርን ስሰናበታቸው አህያዋንም ሳምኳት። ይሳቅብኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 1

የሐጃ እህት ቤት ሰው ሞልቷል። ጋሽ ዘርይሁን በሁለተኛው ቀን ጋራዥ አግኝቶ ሥራ ጀመረ። ከዘይት ውስጥ ወጥቶ ሲስቅ አየሁት።

ዐስር ላይ የቤቱ ሴቶች ደጁን ሲረጩ ውስጥ ገብቼ በር ዘጋሁ። ልቤ አልቻለም።

እናቴ ከባቲ ደወለች። እሷ ጋ የተውኳት ልጄ ዛሂራ፣ "እናቴ ሳትመጣ ትምህርት ቤት አልሄድም" ብላለች። መሄድ አለብኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 6

ለሐጃ ነገርኳቸው። ነገ ሓፍላ አለ፣ ለገዳሪፍ፣ ከዚያ ገላባት፣ ከዚያ መተማ። "መልካም" አሉ። ጣሪያውን ያያሉ።

ቆይተው፣ "ሲባጎው አለ?" አሉኝ።

ሰጠኋቸው።

"ተኚ።" እኔም እንደ ልማዴ መሬት ላይ ልተኛ ስል፣ "መሬት አይደለም። እዚህ፣ አጠገቤ" ብለው ተቆጡ። ዐንገሬቡ ጫፍ ላይ ተጋደምኩ። ከራሴ እስከ እግሬ ለኩኝ። እግሬ ጋ ሳይደርሱ ደከሙ፣ ጫፉን እኔ ያዝኩላቸው። ሁለተኛ ቋጠሮ አሰሩ።

"የእህቴ ባል አናጢ ያውቃል። ዐንገሬብ ይሠራልሻል። ስትመለሺ የራስሽ አልጋ ይኖርሻል።"

ስድስት ዓመት ከአልጋቸው ግርጌ ስፖንጅ ዘርግቼ ነው የተኛሁት። እሳቸውም አንስተውት አያውቁም፣ እኔም አንስቼው አላውቅም። ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። እመለሳለሁ አላልኩም። አልመለስም አላልኩም።

ሰኞ፣ ግንቦት 7

መናኸሪያ። ሓፍላው ረጅም ነው፣ ሰማያዊ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ። ሳላስበው ዞርኩት። ከኋላ በር ይኖረው ይሆን? ወንበሩ ይነቀል ይሆን? እጄ ኪሴ ገባ።

ባዶ ነው። ሲባጎው ሐጃ ጋ ቀርቷል።

"ስንት ሰው ናችሁ? ጭነት አላችሁ?" አለኝ ረዳቱ።

ሻንጣዬን አነሳሁ።

"እኔ ብቻ ነኝ" አልኩት። ተሳፍሬ ተቀመጥኩ።