እህቴና የቀለበት ጣቴ

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ
ብርድ፣ ደመና። ቤት ውስጥ እኔና እህቴ ብቻ። ቁርስ ላይ ስኳሩን አቀብዪኝ ብዬ በምልክት ልነግራት እጄን ሳነሳ የቀለበት ጣቴ ታጥፎ ቀረ። በሌላው እጄ ስስበው ቀጭ ብሎ ተዘረጋ። ዳቦ እየቆረጠች ስለነበር አላየችም እንጂ፣ ጆሮዋ ባይሰማም ዓይኗ የሚያመልጠው ነገር የለም። ብርዱ ይሆናል...

ኅዳር 7
ዛሬም። ጠዋት ጠዋት ይብሳል። የአዝራር ቀዳዳ ስሰፋ መርፌው ከእጄ ወደቀ። አብሬው የምሠራው ልብስ ሰፊ አይቶ፣ «ጣትሽ ሳይነግረን ጡረታ ወጣ እንዴ?» አለኝ። ሳቅኩለት። ሆዴ ግን አልሳቀም።

የልብስ ቅድ በምናወጣበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ስለ ጣት ተጽፎ አገኘሁ። አውራ ጣት ሁለት አጥንት፣ ሌሎቹ ሦስት ሦስት። መገጣጠሚያው ካበጠ፣ ጠዋት ከደረቀ፣ ጣት እየተጣመመ ሊሄድ ይችላል ይላል። መድኃኒቱ ያለበት ወገን ለእጅጌ ተቆርጧል።

የእናቴ እጅ መጨረሻ ላይ ተጨብጦ ቀርቶ ነበር። ማንኪያ እንኳ... እኔም እንደዚያ ከሆንኩ ከእህቴ ጋር በምን ላወራ ነው? እሷስ ከማን ጋር?

ኅዳር 9
እጄን ሻርፔ ስር ደብቄ ዋልኩ። የጠየቀችኝን ሁሉ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ መለስኩ።

ኅዳር 12
እህቴ አኩርፋለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች፤ ጆሮ መድፈኗ ይህ ነው። ምን አደረግኳት?

ቆይቶ ገባኝ። እኛ ቤት እጅ መደበቅ ማኩረፍ ነው። ለካ ዘግቻት ከርሜአለሁ።

ትከሻዋን ነክቼ ጣቴን እንደታጠፈ አሳየኋት። ይዛ ቀስ ብላ ዘረጋችው። ከዚያ በእጇ፣ «እንደ እናታችን?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ሁለታችንም እጃችንን ጭናችን ላይ አሳረፍን።

ኅዳር 14
ሐኪም ቤት። ወጣት ሐኪም ናት፣ እጇ ቀዝቃዛ። አንጓዎቼን አንድ በአንድ ጫን ጫን እያደረገች አየች። ጣቴን የያዘው ጅማቱ ነው አለች፤ የሚመላለስበት ሽፋን ጠቦ ያንቀዋል። ቋጠሮ ያለው ላስቲክ በቀሚስ ወገብ ውስጥ አላልፍ እንደሚለው መሆኑ ነው...

ስለ እናቴ ነገርኳት። «የእሳቸው ሌላ በሽታ ይመስላል፣ እማማ። ለማንኛውም ደምዎን እንየው» አለችኝ። ለማንኛውም ምን ማለት ነው?

ውጤቱ ነገ። መዳፌ ላይ መድኃኒት የምትወጋኝም ነገ፤ ካልተሻለኝ ሽፋኑን በቀዶ ትከፍተዋለች። ዕድሜዬን በመርፌ ኖሬ መርፌ ፈራሁ።

ኅዳር 15
ብርድ። ጣቴ ተቆልፎ ነቃሁ። አልደበቅኩትም። እንደታጠፈ «እንደምን አደርሽ» አልኳት። እሷም የራሷን የቀለበት ጣት አጥፋ መለሰችልኝ፤ ኮልታፋን እያስመሰሉ እንደሚቀልዱት። ሳቅን።

ልንወጣ ስንል ጫማዋን እያሰረች ቀና ብላ አየችኝ። ፈርቻለሁ አልኳት። ይህን በእጅ ስንል አምስቱም ጣት ይበተናል። አራቱ ተከፈቱ፣ አንዱ እንቢ አለ።

ገባት።