ደቦ ጠርተው ጠላ ላልጠመቁልን ለቡሬው ካፒቴን

ኅዳር 7 ቀን 1930 ዓ.ም.
ከዋንዛ ሜዳ ማርያም አጥቢያ

ለክቡር ካፒቴን፣ የቡሬ ምሽግ አዛዥ፣ የወጀት መንገድ አስቆፋሪ፣ የባለቤቴም አሳሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የቡሬ ብርድ በርትቶብዎት እንደሆነ፣ እህላችን ለሆድዎ አልስማማ ብሎ እንደሆነ፣ ያ ከመኪና ሲወርዱ የሚያነክሱበት እግርዎም ተሽሎዎት እንደሆነ፣ እኔም አጥቢያውም ሳንጠያየቅ የዋልንበት ቀን የለም። እግዚአብሔር የሚገባዎትን ሁሉ ሳያጎድል ይስጥዎ ብዬ ጠዋት ማታ እጸልያለሁ፤ የሚገባዎት ምን እንደሆነ እርሱ ያውቃል።

ንግሥቴ እባላለሁ፤ የአቶ ላቀው ሚስት ነኝ። ላቀው ማለት ከጥቅምት 18 ቀን ጀምሮ በምሽግዎ ውስጥ አስረው ያስቀመጡት፣ ያ ረጅሙ፣ ሲስቅ ዐይኑ የሚጠፋው ሰው ነው። ለዚህች ሴት ማን ጻፈላት ብለው ደብተራዎቹን ሁሉ እንዳያስጨንቁ፣ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ አባቴ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ዳዊት ያስደገሙት እኔን ነው። ወረቀቱንም ከየት አመጣችው ብለው የነጋዴውን ሱቅ እንዳያስፈትሹ፣ ወረቀቱ የእርስዎው ነው። በገበያው ዋርካ ላይ ያስለጠፉት አዋጅ ጀርባው ባዶ ሆኖ ስላገኘሁት፣ የመንግሥት ንብረት እንዳይባክን ብዬ ጻፍኩበት። ነገሬን ሰምተው ሲጨርሱ ወረቀቱን ቢገለብጡት፣ ምስክሬን ሁሉ በራስዎ ማኅተም ሥር ያገኙታል።

ከአቤቱታዬ በፊት ምስጋናዬን ማቅረብ ይገባኛል። ላቀውን ካገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከባለቤቴ ጋራ የምንጣላበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ዋርካ ነው። እኔ ስፈጭ፣ ውኃ ስቀዳ፣ ጥጥ ስፈትል፣ የጓሮዬን ነጭ ሽንኩርት ስኮተኩት ቀኑ አልበቃ ሲለኝ፣ እርሱ የሰው ድንበር ሊያካልል፣ የተጣላ ሊያስታርቅ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ማን ይጠር ብሎ ሊማከር ዋርካው ሥር ይውላል። የሰውን ድንበር ሲያካልል የጎረቤት ላም የእኛን አጥር ጥሳ ገብሳችንን ትበላለች። ስለ አገር ማሰብ የሚሉት ነገር ለእኔ ወንዶች ከሥራ የሚሸሹበት ጥላ ነበር፤ ይህንንም ለላቀው በየቀኑ ከመንገር ቦዝኜ አላውቅም። እርስዎ ግን እርሱን አስረው ቦታውን ባዶ ስላደረጉት፣ ዛሬ ዋርካው ሥር የምቀመጠው እኔ ሆኛለሁ። ባሌ በአሥራ አንድ ዓመት ሊያስተምረኝ ያልቻለውን እርስዎ በአሥራ ዘጠኝ ቀን አስተማሩኝ። ሥልጣኔ ይዘንላችሁ መጣን ያሉን ይህንን ለማለት ከሆነ፣ አልዋሹም።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ። በቁጥር የማቀርበው ቁጥር እንደሚወዱ ስለሰማሁ ነው፤ ቤቱንም ከብቱንም ሰዉንም ሲያስቆጥሩ ነው የሚውሉት ይባላል።

አንደኛ። በጥቅምት መጀመሪያ አስተርጓሚዎ አቶ ገብረሰንበት በገበያው መካከል ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ መንግሥት ከቡሬ ወደ ወጀት ለሚወስደው መንገድ ደቦ ጠርቷልና ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው መሣሪያውን ይዞ ይምጣ ብሎ ለፈፈ። አዋጁም ቃል በቃል እንዲሁ ይላል። እርስዎ በቋንቋዎ ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ምናልባት በግድ ይቆፍሩ ብለው ይሆናል። ገብረሰንበት ግን፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ የጌታውን መራራ ቃል ማር መቀባት ልማዱ ነውና ደቦ አለው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ክቡር ሆይ፣ ደቦ በእኛ አገር የዋዛ ቃል አይደለም። ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ይጠምቃል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ወጥ ያሠራል፤ የመጀመሪያዋን ምት ራሱ ይመታል፤ ሠራተኛው የደቦ አባት ይመርጣል፣ ባለ ደቦውም ቢሆን በዚያ ቀን ለደቦ አባቱ ይታዘዛል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ሠራተኛው መርቆ ተመርቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጤፍ ለአጨዳ በደረሰበት ሰሞን ደግሞ አእምሮው የጎደለ ካልሆነ በቀር ለመንገድ ብሎ ደቦ የሚጠራ የለም። ይህን ሁሉ አለማወቅዎን ነውር ብዬ አልቆጥርብዎትም። እንግዳ ነዎት፤ እንግዳ ደግሞ እስኪሄድ ድረስ ነውሩ ይሸፈንለታል።

ሁለተኛ። ጠላ አልነበረም። ንፍሮም አልነበረም። የነበረው አለንጋ ነው፤ ስለ እርሱ ጣዕም የቀመሱት ቢናገሩ ይሻላል።

ሦስተኛው የዶማዬ ነገር ነው፤ ይህንን በትዕግሥት ያንብቡልኝ፣ ማለቴ ያስነብቡልኝ። በጥቅምት 18 ቀን ጠዋት ላቀው የአዋጁን ቃል ለመፈጸም የእኔን ዶማ አነሣ። የእርሱ ዶማ እጀታው ተሰብሮ ከማጀት ከተወሸቀ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ የጎረቤቱን ዶማ ይጠግናል እንጂ የራሱን የሚጠግንበት ጊዜ የለውማ። የእኔው ዶማ ግን እናቴ ስትድረኝ የሰጠችኝ፣ እጀታው በመዳፌ ልክ የተሟሸ፣ በዚያን ቀን ነጭ ሽንኩርቴን ልኮተኩትበት ያዘጋጀሁት ነው። ተጣላን። እንደ ልማዳችን ጎረቤት እስኪሰማ ተጣላን፤ በመጨረሻም «ሂድና ከነዶማው እዚያው ቅር!» አልኩት። እርሱ ስቆ ሄደ። ክቡር ሆይ፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ይህን ቃሌን ስፈጭ እሰማዋለሁ፣ ውኃ ስቀዳ እሰማዋለሁ፣ እንቅልፍም ነስቶኛል። የባልና የሚስት ንዴት ነበር እንጂ ለመንግሥት የተሰጠ ትእዛዝ አልነበረም፤ እርስዎ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ከነዶማው ፈጸሙልኝ። የአገሬው አቤቱታ ሁሉ በደጅዎ ሲጉላላ የእኔ እርግማን እንዲህ መፍጠኑ እስካሁን ያስደንቀኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አብረውት የዋሉት ነግረውኛል። ሰዎቹ ላቀውን የደቦ አባት አድርገው መረጡት። እኩለ ቀን ሆኖ የሚበላም የሚጠጣም ሲጠፋ፣ ላቀው ባለ ደቦውን ፈልጎ እርስዎ በመኪናዎ ጥላ ከተቀመጡበት መጣ። ነጠላውን አደግድጎ እጅ ነሣ፤ ዶማዬንም በሁለት እጁ ይዞ አቀረበልዎት። የመጀመሪያዋን ምት መምታት የባለ ደቦው ክብር ነውና፣ ቢዘገይም እንዳይቀርብዎ ብሎ ነው። ሲያቀርብም «እነሆ፣ መሣሪያውን ይዤ መጥቻለሁ» አለ። በእኛ ቋንቋ ዶማም መሣሪያ ነው፣ ጠመንጃም መሣሪያ ነው። አቶ ገብረሰንበት ዐይኑ ዶማውን እያየ ምላሱ ጠመንጃውን መረጠ። እርስዎም ዐይንዎን ትተው ጆሮዎን አመኑ፤ ወታደሮችዎ ላቀውን ከመሬት ጣሉት። ክስ የተባለውም ወረቀት «መሣሪያ ይዞ በመንግሥት ላይ ተነሥቷል» ይላል አሉ። ዶማዬም በማኅተም ታሽጎ ከጠመንጃዎችዎ ጎን መቀመጡን ሰምቻለሁ። ለሽንኩርት ዶማ ከዚህ የበለጠ ሹመት ስለማይገኝ፣ በእናቴ ስም አመሰግናለሁ።

አራተኛ። ለባሌ ስንቅ ይዤ ቡሬ ድረስ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሦስቱን ጊዜ ስንቁ ገባ፣ እኔ ቀረሁ፤ አቶ ገብረሰንበትም ነገ ነይ አለኝ። በአራተኛው ቀን ስንቁም ተመለሰ። ላቀው ከኅዳር ሚካኤል ማግስት ከሽፍቶች ጋራ ታስሮ ወደ ደብረ ማርቆስ እንደሚወሰድና ከዚያ ወዲያ የት እንደሚደርስ መጠየቅ እንደማያስፈልገኝ ተነገረኝ። ከዚህ በፊት የተወሰዱትን እናውቃለን፤ የተመለሰ አላየንም። ፈራሁ፤ ይህንን ለመጻፍ አላፍርም። እስከ ቤቴ ድረስ እያለቀስኩ ተመለስኩ፤ ደጃፌ ስደርስ ግን እግሬ ወደ ቤት አልገባም አለኝና ወደ ዋርካው ሄድኩ።

የአጥቢያችን ታላቅ አባ ሃይለ ሚካኤል ባዩኝ ጊዜ፣ «አንቺ ልጄ፣ ይኸ የወንድ ሸንጎ ነው፤ ነገርሽን በሽማግሌ ላኪልን» አሉኝ። እኔም የላቀው ቦታ ባዶ ስለሆነ እርሱ እስኪመለስ ልጠብቅለት ነው የመጣሁት ብዬ ተቀመጥኩበት። አባ ሃይለ ሚካኤል ጥቂት አጉረመረሙ፤ ካጉረመረሙም በኋላ ፈቀቅ አሉልኝ። በማግስቱ ጎረቤቴ አደይ እንዝርቷን ይዛ መጣች፤ በሦስተኛው ቀን ስድስት ሴቶች ሆነን እየፈተልን ነገር እንሰማ ጀመር፤ ከዚያም እንናገር ጀመር። አንድ ነገር ልመንልዎ፤ ሸንጎ ሥራ መፍታት አይደለም። ሃያ ሰው አንድ ቃል እስኪናገር መጠበቅ ከወፍጮ ይልቅ ወገብ ይሰብራል። ለካ ላቀው ማታ ደክሞኛል ሲለኝ እውነቱን ነበር። ይህን ልነግረው እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ በሕይወቱ ያስፈልገኛል።

ሸንጎው በመጀመሪያ የላቀው ጤፍ በደቦ ይታጨድ አለ። ምን ዐይነት ነገር እንደሆነ ያውቁት ዘንድ ላስረዳዎ። እኔ ጠላ ጠመቅሁ፤ የመጀመሪያዋን እጅ ሙሉ ጤፍ እኔ አጨድኩ፤ ሰባ የሚሆን ሰው ከሦስት አጥቢያ መጣ፤ ማንም አለንጋ ሳያነሣ ጤፉ ከሰዓት በፊት አለቀ። አጫጆቹም እየተቀባበሉ ይህንን ያወርዱ ነበር፦

ደቦ የጠራን ሰው ጠላ ሳይጠምቅልን፣
መሣሪያችን ይዘን መምጣት አይቀርልን።

ተራ የአጫጅ ዘፈን ነው፤ ትርጉም አይፈልጉበት።

የመጨረሻውን የሸንጎውን ቃል አድርሺ የተባልኩት እኔ ነኝና እነሆ አደርሳለሁ። ጀምሮ የተተወ ደቦ በእኛ ዘንድ ለባለ ደቦውም ለሠራተኛውም ነውር ነው። የእርስዎ ደቦ የደቦ አባቱ ስለታሰረ እንደ ተቋረጠ ነው ያለው። ስለዚህ ኅዳር 11 ቀን፣ በሚካኤል ዋዜማ፣ ላቀው ሳይወሰድ፣ የጀመርነውን ደቦ ልንፈጽም ከሦስቱም አጥቢያ እንመጣለን። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ይምጣ ብለው ነበር፤ እኛ ግን ለእርስዎ ያለን አክብሮት ትልቅ ስለሆነ ከየቤቱ የቻለ ሁሉ ይመጣል። አዋጁ እንደሚያዝዘውም እያንዳንዳችን መሣሪያችንን ይዘን ነው። ከዚያ ቀን በፊት ላቀውን ከነዶማው ከሰደዱልን ግን፣ ደቦው እንደ ተመረቀ ቆጥረን በየአጨዳችን እንውላለን። ጠላውንም ይቅር ብለንዎታል።

የእርስዎን ጤና፣ የምሽግዎን በሮች ጥንካሬ፣ ይልቁንም ወደ አገርዎ የሚወስደውን መንገድ መቅናት ዘወትር የምትመኝልዎ፣ ከጫማዎ ሥር ሳይሆን ከዋርካዋ ሥር ተቀምጣ እጅ የምትነሣ፣

ንግሥቴ፣ በክርስትና ስሜ ወለተ ጊዮርጊስ፣
የላቀው ሚስት፣ የዶማው ባለቤት፣
ለጊዜውም በደቦ አባቱ ፈንታ

የረሳሁት ነገር፦ ይህ ደብዳቤ የተለጠፈው አዋጅዎ በነበረበት ዋርካ፣ በራስዎ ሚስማር ስለሆነ፣ ለእርስዎ ከመድረሱ በፊት ገበያተኛው ሁሉ ሰምቶታል፤ የበርዎ ዘበኞችም የእኛው ልጆች ናቸውና ሳይሰሙት አልቀሩም። ሳይገባው የሚቀር አንድ ሰው ቢኖር እርስዎ ነዎት፤ ለዚህም አቶ ገብረሰንበት አለልዎ። እንግዲህ «መሣሪያችንን ይዘን» ከሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቢንቀጠቀጥ፣ ጠመንጃ ማለት ነው ብሎ ቢተረጉምልዎም፣ እባክዎ አይቆጡት። ያንን ቃል ሳይሳሳት የተረጎመው ገና ዛሬ ነው።