ሲስተሙን ስላስጠፋችሁኝ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለላፕቶፕ አምራቹ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ ደህና ነው? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም ጆሮዎ ደህና ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ፤ ስልክ ይዞ ሲጠብቅ ጆሮው የጋለ ሰው ለሌላው ጆሮ ቢያስብ አይፈረድበትም። እኔ፣ ምስጋና ለድርጅትዎ ይሁንና፣ በሕይወት አለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ። በሙያዬ የመኪና መንዳት አስተማሪ ስሆን «የማታውቁትን አትንኩ፣ ያልገባችሁን ጠይቁ» እያልኩ ጸጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝ። ቤት ውስጥ ደግሞ «ኢንጂነሩ» እባላለሁ። ስሙን ያወጣችልኝ ባለቤቴ ናት፤ የመታጠቢያ ቤታችንን ቧንቧ ልጠግን ገብቼ ከበታቻችን ያሉትን ጎረቤቶች አልጋ ያራስኩ ዕለት። እሷ ለስድብ ብትለውም እኔ እንደ ማዕረግ ይዤዋለሁ።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። ልጄ የኮምፒውተር ትምህርት ተመራቂ ናት። ለመመረቂያዋ የሠራችው ጌም ሲሆን፣ ጨዋታው አንድ ለማጅ ሾፌር ከተማውን አቋርጦ ወደ መንጃ ፈቃድ ፈተናው እንዲደርስ ማድረግ ነው። ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ያለማቋረጥ የሚጮህ አንድ ሸበቶ አስተማሪ አለ፤ ማንን እንደሚመስል አልጠየቅኩም። ጌም እንዲህ በቀላሉ የማይሠራ ነገር ስለሆነ፣ ገንዘብ አዋጥተን ያንን ቁልፎቹ በቀይና በሰማያዊ የሚያበሩትን ጉልበተኛ ላፕቶፓችሁን ገዛንላት። ይሁንና መምህራኖቿ ሥራዋን የሚያዩት ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ላይ ነው። ስለዚህ አብሮት ከመጣው ዊንዶውስ ጎን ሊኑክስም እንዲጫንበት፣ ማሽኑም በተከፈተ ቁጥር «ዛሬ ተረኛው ማናችሁ ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስፈልግ ነበር። እሷም «ነገ እጭነዋለሁ፣ ሰኞ አቀርባለሁ» ብላ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጋደም አለች፤ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም ነበር። እኔም ስትነሳ አልቆ ታግኘው ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ በዚያ ሁሉ ካርቶንና ስፖንጅ መካከል አንድ ባዶ ፍላሽ ባለማስቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሊኑክስ የሚጫነው ከፍላሽ ስለሆነ መሳቢያ ውስጥ ያገኘሁትን አንስቼ፣ ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት አዘጋጀሁት። ለካ ሊኑክስ ሲገባበት ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይሰረዛል። ለካ እዚያ ላይ የነበረው የልጄ ጌም ብቸኛ ትርፍ ቅጂ ነበር። ይህን ሁሉ የተረዳሁት ኋላ ስለሆነ፣ ለጊዜው እያፏጨሁ ነበር።

2ኛ/ የአጠቃቀም መመሪያችሁ በብዙ ቋንቋ «እንኳን ደስ አለዎት» ካለ በኋላ ዝም ማለቱ ለአንባቢው የማሰብ ችሎታ ያላችሁን አክብሮት ያሳያል። ማሽኑ ከፍላሽ እንዲነሳ የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን ስላልጻፋችሁልኝ ከላይ የተደረደሩትን በሙሉ በየተራ ተጫንኳቸው። ድምፁ ጠፋ፣ ብርሃኑ ደመቀ፣ ማራገቢያው አጓራ፣ በመጨረሻም ገባሁ። የትኛው ቁልፍ እንዳስገባኝ ዛሬም አላውቅም፤ ልጄ እንዳትሰማ እንጂ በዚያች ሰዓት በራሴ ኮርቻለሁ።

3ኛ/ ወደ ዋናው ምስጋናዬ ልምጣ። ሊኑክስ ዲስኩ የተከፋፈለባቸውን ክፍሎች ዝርዝር ፊቴ ደቀነና «የምቀመጥበት ባዶ ቦታ የለም» ብሎ እምቢ አለ። ደወልኩላችሁ። ጥሪዬ ለእናንተ እጅግ አስፈላጊ መሆኑን የሚገልጸውን ድምፅ በቃሌ እስክይዘው ካሰማችሁኝ በኋላ አንዲት ትሑት ባለሙያ አነሳች፤ ችግሬን በትዕግሥት ሰምታም «ችግር የለም ጌታዬ፣ ሲስተሙን ያጥፉትና እንደገና ይሞክሩት» አለችኝ።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ ይልቅ ቋንቋችንን መክሰስ ይቀለኛል። በአማርኛ መብራትም ይጠፋል፣ በግም ይጠፋል፣ ስምም ይጠፋል፤ ግሱ አንድ ነው። ባለሙያዋ ማለቷ ማሽኑን ዝጋው ነበር። እኔ ግን ዝርዝሩን ስመለከት ከሁሉ በላይ «ሲስተም» የሚል ስም ያላት ትንሽዬ ክፍል ቁጭ ብላለች፤ ከሥሯም ለመሰረዝ የሚጫኑት የመቀነስ ምልክት አለ። «ሙሉ በሙሉ ላጥፋው?» ብዬ ጠየቅኩ። «አዎ፣ ሙሉ በሙሉ» አለች። ማሽኑ ከሁለታችንም የተሻለ አስተዋይ ስለነበር እርግጠኛ መሆኔን በትሕትና ጠየቀኝ። ነገሩን ከአምራቹ አፍ ሰምቼ እኔ ማን ሆኜ ልጠራጠር? ሲስተሙን አጠፋሁት።

ያቺ ትንሽ ክፍል ለካ ማሽኑ ሲነቃ ዊንዶውስ የት እንዳለ የምትጠቁመው ኖራለች። እንደገና ባስነሳው ጥቁር ስክሪን ላይ የሚነሳ ነገር እንዳላገኘ ጽፎ ዝም አለ። ባለሙያዋ ሌላ የምትረዳኝ ነገር እንዳለ ስትጠይቀኝ «የለም፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩና ዘጋሁ።

4ኛ/ ይህኛው ምስጋና ይሁን ቅሬታ እኔም አልለየሁትም። ልጄ ዓይኗን እያሻሸች ወጣችና መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አባዬ፣ ፍላሼን አይተኸዋል?» ብላ ነው። ፍላሹ ላፕቶፑ ጎን እንደተሰካ ነው። እሱን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ፈራሁ፣ ክቡር ሆይ። ስንት ፍሬን የሳተ ለማጅ ጎን ተቀምጬ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ማን አጥፋ እንዳለኝ ስትጠይቀኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ድርጅቱ» አልኳት። እሷ ግን አልጮኸችም። «እኔ እኮ እዚሁ ነበርኩ» ብቻ አለች።

እውነቷን ነው። ያንን የጥሪ ድምፃችሁን እየሰማሁ ከቆምኩበት ሳሎን እሷ እስከተኛችበት ክፍል ያለው አንድ በር ነው። ያንን በር ማንኳኳት አቅቶኝ ለማላውቃት ሴት ደወልኩ፤ ምክንያቱም ለማታውቀኝ ሴት አላውቅም ማለት አያሳፍርም። ፊደል ላስቆጠርኳት ልጄ ግን አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ። እንቅልፏን ላለመረበሽ ነው ብዬ ለባለቤቴ ነግሬያት ነበር፤ አላመነችኝም፣ ደግ አደረገች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልግለጽ። ልጄ በዚያው ፍላሽ ማሽኑን ቀሰቀሰችና፣ ያጠፋሁትን ክፍል መልሳ ሠራችው። ጌሙ ከነጯሂው አስተማሪ ላፕቶፑ ውስጥ በቦታው ነበር። ከዊንዶውስ ላይ ቦታ ቀንሳም ሊኑክስን እግረ መንገዷን ጫነችው፤ ሰኞ አቀረበች፣ አለፈች። የእኔ ድርሻ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ መቆም ሲሆን፣ ይህንን በብቃት ተወጥቻለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ነው፦ ባለሙያዎችዎ ከእንግዲህ «ያጥፉት» ማለትን ትተው «ይዝጉት» እንዲሉልኝ ነው። ያቺን ትሑት ሴት ግን አደራ እንዳይቆጧት፤ ጥፋቱ የእኔና የግሱ ነው።

የእናንተን ዕድገት፣ የደንበኞቻችሁንም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ቀድሞ ኢንጂነር፣
አሁን ማዕረጉ በቤተሰብ ውሳኔ የታገደበት ደንበኛችሁ

ከተፈረመ በኋላ የተጨመረ፦ አገልግሎታችሁን ከአንድ እስከ አምስት እንድመዝን የጠየቃችሁበት መልእክት ስልኬ ላይ ደርሶኛል። ማንኛውንም ቁልፍ እንዳልጫን ስለተከለከልኩ ልጄ እንድትመልስልኝ ሰጠኋት፤ ቸር ናትና አምስት ሰጠቻችሁ። ለተጨማሪ አስተያየት በተተወው ቦታ ላይ የጻፈችውን ግን ያየሁት ከላከችው በኋላ ነው፦ «አባቴ ሌላ ጊዜ ሲደውል እባካችሁ ወደ እኔ አስተላልፉልኝ። የምንኖረው አንድ ቤት ነው።»